ጾምሽን እኔ ልያዝልሽ

ማክሰኞ፣ የጾሙ ሃያ ሦስተኛ ቀን
ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ዳቦ ቤቱ ውስጥ

ይድረስ ለእኔዋ እሜቴ፤

ደብዳቤ ሲጀመር መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። የአንቺን ጤና ግን በየቀኑ ከእህትሽ ስለምሰማ እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ዛሬ ጠዋት ምን በላሽ? እውነቱን ንገሪኝ። "ሻይ ጠጥቻለሁ" እንዳትዪኝ፤ ሻይ ምግብ ቢሆን ኖሮ እኔ ዳቦ ቤት ባልከፈትኩ ነበር።

ይህንኑ በስልክ ብጠይቅሽ "በልቻለሁ፣ አንተስ?" ትዪና ወሬውን ወደ እኔ ታዞሪዋለሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬሽ ስኖር አንድ ቀን እንኳ በክርክር ረትቼሽ አላውቅም። ባለፈው ስደውልልሽም "እሺ፣ እሺ፣ እሺ" ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ያንቺን እሺ ደግሞ አሳምሬ አውቀዋለሁ። አንድ ከሆነ እሺ ነው፤ ሦስት ከሆነ "ወግድ፣ አትነዝንዘኝ" ነው። ስለዚህ ወረቀት ገዝቼ ቁጭ አልኩ። የጠዋቱ ዳቦ ተሸጦ አልቋል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው፣ የምጽፈውም ሊጥ በማድቦለብልበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ካየሽ ዱቄት ነው፤ ነርሷን እንዳትጠሪ።

የቤቱን ወሬ አስቀድሜ ልጨርስ። ቤቱ ደህና ነው። የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ራሴ አጠብኩት። ከታጠበ በኋላ አጠር ብሏል፤ ምን ያህል እንዳጠረ መጥተሽ ብታዪው ይሻላል፣ እኔ ለመናገር አቅም የለኝም። ስትመጪ ትጮሂብኛለሽ። ጩኺብኝ እባክሽ፣ ጩኸትሽ ናፍቆኛል። ቤቱ ዝም ሲል ተሳስቼ የሰው ቤት የገባሁ ይመስለኛል። አልጋው ላይ አሁንም ከጠርዙ ነው የምተኛው። ያንቺን ቦታ ምን ብዬ እይዘዋለሁ?

ደግሞ አንቺ ሆስፒታል ተኝተሽ እኔ እዚህ ተቀምጬ መቅረቴ ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ። "የሴቶች ክፍል ነው፣ ወንድ አስታማሚ አናስገባም" ባይሉኝ ኖሮ ምድጃውን አጥፍቼ እግርሽ ሥር እንደምተኛ ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሐኪሙ የነገረሽን እኔ ደግሜ ልጻፈው፤ ምናልባት በእኔ እጅ ጽሑፍ ስታዪው ክብደቱ ይሰማሽ ይሆናል። ኩላሊትሽ ላይ ያለው እጢ መውጣት አለበት። እንዲወጣ ግን ሰውነትሽ ቀዶ ጥገናውን መቻል አለበት። አርባ አንድ ኪሎ ገብተሻል፣ ደምሽም ዝቅ ብሏል። "በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ኪሎ ካልጨመረች ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አላስገባትም" ነው ያለኝ፣ ካለፈው በፊት ባለው ቅዳሜ ሲደውልልኝ። ሰውየው ገና ወጣት ነው መሰለኝ፣ ድምፁ ግን ደክሞት ነበር። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ አዞልሻል። ከሦስቱ ሳምንት አሥሩ ቀን አለቀ። የፊታችንን ቅዳሜ ትተሽ የሚቀጥለው ቅዳሜ ሚዛን ላይ ያወጡሻል።

እንቁላሉን ምን እንደምታደርጊው ሰምቻለሁ። አዎ፣ እህትሽ ናት የነገረችኝ፤ አትቆጫት፣ እኔ ነኝ አፋጥጬ ያስለፈለፍኳት። ጠዋት የሚመጣልሽን እንቁላል አጠገብሽ ለተኛችው ሴትዮ፣ ማታ የሚመጣልሽን ወተት ለልጇ ትሰጫለሽ አሉ። ሴትዮዋ ጉንጭ አውጥታለች አሉ! እሰየው። እሷን አወፍረሽ ወደ ቤቷ ስትሸኚ አንቺ እዚያ ቅሪያ።

ተናደድሽብኝ፣ አይደል? ይሁን። እኔም ተናድጄ ነው የምጽፈው።

በስልክ ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። "ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ጾም አልሻርኩም" አልሽኝ። "ደህና ሳለሁ ታምኜው ኖሬ፣ አሁን ሲጨንቀኝ እንቁላል ብበላ፣ ‘ቀኑ ሲከፋ አልታመንሽኝም’ ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?" ያን ጊዜ አፌ ውስጥ የመጣልኝ ስድብ ብቻ ነበር፣ እሱንም ዋጥኩት። "እንቁላሉንና ሐኪሙን የላከልሽ ማን ይመስልሻል፣ እኔ ነኝ?" ልልሽ ነበር። ግን ሲቆይ እንዲህ ያለው ነገር ባንቺ ላይ እንደማይሠራ ገባኝ። ስለዚህ ሌላ ነገር አደረግሁ። አሁን የምነግርሽን ስታነቢ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ።

እየጾምኩ ነው።

አትሳቂ! ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። በሁዳዴ ፊትሽ ቁጭ ብሎ እንቁላል ሲጠብስ የኖረው ባልሽ፣ ጉረኛው፣ ይኸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ይውላል።

እንዴት እንደጀመርኩት ልንገርሽ። ሐኪሙ በደወለ ማግስት፣ እሁድ፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከልጃችን ቀብር ወዲህ ያን በር ረግጬው አላውቅም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው። በሩ ላይ እግሬ እምቢ አለኝና ትንሽ ቆምኩ። አባ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አርጅተዋል እሜቴ። ገና ሲያዩኝ "ማን ሞተ?" አሉኝ። ይኸውልሽ፣ ሰው ካልሞተ የማልመጣ ሰው ሆኛለሁ ማለት ነው።

"ማንም አልሞተም አባ። እንዳይሞትብኝ ነው የመጣሁት" አልኳቸው።

አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኪሎውንም፣ እንቁላሉንም፣ ጉንጭ ያወጣችውንም ሴትዮ።

"የታመመ ሰው አይጾምም። ይሄ እኮ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ንገራት" አሉኝ።

"እርስዎ እሷን እያወቋት ንገራት ይሉኛል?"

ሳቁ። አዎ፣ ያውቁሻል።

ከዚያ የመጣሁበትን አወጣሁት። "አባ፣ እሷ ትብላና ጾሟን እኔ ልያዝላት? ቀኖቿን እኔ ልጹምላት? እግዚአብሔር ይቀበለኛል፣ ወይስ ከእኔ ዓይነቱ አይቀበልም?"

አባ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና "በዚህ ወንበር ላይ ይህን ጥያቄ ስጠየቅ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው" አሉ።

"ሌላው ቂል ማን ነው?" ብላቸው "እሱን ተወው፣ የሰው ምስጢር ነው" ብለው አፋቸውን ዘጉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ "ሰው ለሰው መብላት እንደማይችል ሁሉ ለሰው መጾምም አይችልም፤ እኔ የማውቀው ሥርዓት ይሄ ነው። ግን አንድ ሰው ለሚወደው ተርቦ ሲመጣ እግዚአብሔር ‘ውጣልኝ’ ሲለው አላየሁም። ጀምር፣ ልጄ።" ልጄ ሲሉኝ፣ በስልሳ ዓመቴ፣ አንገቴን ደፋሁ።

ለአንቺም ብጣሽ ወረቀት ጽፈውልሻል፣ አብሬ ልኬዋለሁ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የጻፉት ስለሆነ እኔ ላንብብልሽ፤ "ልጄ ሆይ፣ እንድትበዪ አዝዣለሁ። ያዘዝኩሽን እምቢ ካልሽ የዘንድሮውን ጾም የሻርሽው በዚያ ነው።" እንግዲህ ከእሳቸው ጋር ተሟገቺ፤ እኔ የለሁበትም።

ሰኞ ጀመርኩ። ዳቦ ጋጋሪ ሆኖ መጾም ምን እንደሆነ ማንም አይንገረኝ! ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ ሽታውን ሸሽቼ በር ላይ እቆማለሁ። በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሆዴ ሲጮህ ደንበኛ የጠራኝ መስሎኝ "አቤት!" ብዬ ዞርኩ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም። አንቺ ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት አድርገሽ ነው ዳቦ እየሸጥሽ ስትጾሚ የኖርሽው? አንድ ቀን እንኳ "ራበኝ" ስትዪ አልሰማሁሽም።

የሠራሁትን ጉድ ደግሞ ስሚ። እኔ ጨው ለክቼ አላውቅም። እጄን ከትቼ እበትናለሁ፣ ሊጡን በጣቴ ጫፍ ቆንጥሬ እቀምሳለሁ፣ ቢጎድል እጨምራለሁ። "ምላሴ ሚዛን ነው" እያልኩ ስንቱን ሰው አሰልችቻለሁ። ጾሙን ስይዝ ታዲያ መቅመስ ቀረ። ሳልቀምስ ጨው ልጨምር ስል እጄ ፈራ። ከሚበዛ ቢያንስ ይሻላል ብዬ ቆንጠር አድርጌ ብትን አደርግበታለሁ፣ ይበቃል እላለሁ፣ እጋግራለሁ። ሰኞ እንደዚያ፣ ማክሰኞ እንደዚያ፣ ረቡዕም እንደዚያ። ማንም ምንም አላለኝም። እኔም በዘጠኝ ሰዓት ስበላው ምንም አልታወቀኝም፤ ያን ሰዓት ለራበው ሰው ድንጋይም ይጥመዋል።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ አንቺ "መርፌው" የምትዪው፣ እንደ ልማዱ ዳቦውን ገዝቶ ወጣ። መነጽሩን እዚህ ረስቶት ስለነበር ተከትዬው ሱቁ ገባሁ። ምን ሲያደርግ ባገኘው ጥሩ ነው? ከስፌት መኪናው ኋላ ጎንበስ ብሎ፣ ዳቦውን ለሁለት ከፍሎ፣ ከወረቀት ላይ ጨው እየነሰነሰበት! ሲያየኝ ወረቀቱን ከጨርቅ ሥር ወሸቀው።

"ምን እያደረግህ ነው?" አልኩት።

"ምንም። ይቅርታህን ጎረቤት፣ ሃይማኖታችሁን መንካቴ አይደለም።"

"የምን ሃይማኖት?"

"ዘንድሮ ጾማችሁ ጨውም ከለከለ አይደል እንዴ? ሦስት ቀን ሙሉ አልጫ ዳቦ ነው የምትሸጥልን። እኔ ደግሞ የሰው ሃይማኖት ውስጥ አልገባም፣ ግን ጨው ሳይኖር አይወርድልኝም። እንዳትቀየመኝ ብዬ ነው የተደበቅሁት።"

እሜቴ፣ ያን ያህል ስቄ አላውቅም፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ። "የምን ክልከላ! እስቲ ልየው" ብዬ ከዳቦው ቆርሼ አፌ ላደርግ ስል ዘሎ እጄን ያዘኝ። "አንተ ሰውዬ! ጾም ነህ እኮ!" አለኝ። የእሱ ጾም አይደለም፣ በእኛ አቆጣጠር አይጾምም፣ ግን የእኔን ጾም ከእኔ አስጣለው።

ኋላ ደንበኞቹን ስጠይቅ ሁሉም አውቀውት ኖሯል። "ሚስቱ ታማበት ልቡ ከእሱ ጋር አይደለም፣ ዝም በሉት" ተባብለው ሦስት ቀን ሙሉ ሰፈሩ በሙሉ ጨው አልባ ዳቦ በላልኝ። የተቃጠለ ዳቦ አንድ ፍሬ ቢያገኙ በር ላይ ቆመው የሚጮሁብኝ ሰዎች ናቸው። ይህን ያህል የሚያዝኑልኝ አይመስለኝም ነበር። ይወዱሻል። እኔንም በአንቺ በኩል ትንሽ ሳይወዱኝ አልቀሩም።

ከዚያ ቀን ወዲህ መርፌው በየጠዋቱ ሱቁን ሳይከፍት ይመጣና ሊጡን ይቀምስልኛል። "ጨምር... ጨምር... በቃ!" ይላል፣ እንደ ሹም። ምላሱ ከእኔ አይበልጥም፣ እንዳትነግሪው እንጂ። በራሱ ጸሎት ስላንቺ ይጸልያል፤ "ባለቤቱ አንድ ነው፣ በየበሩ ይንኳኳ" ይላል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁልሽን ጋዋን የሰፋው እሱ ነው። "አሁን ስንት ሆናለች፣ ልኳን ንገረኝ" ሲለኝ አልነግርህም አልኩት። በጤናሽ ጊዜ በነበረው ልክሽ ነው የሰፋው። ሲሰፋሽ አታጥብቢው፤ ሙዪው።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ለጨዋታ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ በታች ያለውን ግን እህትሽ አጠገብሽ ካለች ጮክ ብለሽ አታንብቢው።

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጄን ታጥቤ፣ ዳቦዬን ቆርሼ ልጎርስ ስል አንቺ ትዝ አልሽኝ። በየዓመቱ በሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ "በይ ሰዓት ደርሷል፣ ብዪ" እልሽ ነበር። አንቺ ደግሞ "ትንሽ ልቆይ" ትዪና እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አትቀምሺም። እኔ ግትር እልሽ ነበር። "ከሕጉ በላይ ልጽደቅ አለች" ብዬም በሰው ፊት አሹፌብሻለሁ። ቁራሹን እንደያዝኩ ሳስበው ግን ድሮ እንደዚያ አልነበርሽም። ልጃችን በሕይወት ሳለ በዘጠኝ ሰዓት ትበዪ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ ከሳህንሽ ላይ ይሻማሽ ነበር፤ "ለእናትህ ተውላት" እያልኩ እቆጣው ነበር። ያ ሦስት ሰዓት የተጨመረው ከእሱ በኋላ ነው።

አባ ወንበሩ ላይ "ሁለተኛ ጊዜዬ ነው" ያሉኝ ትዝ አለኝ። ቁራሹን መልሼ አስቀመጥኩትና ለእህትሽ ደወልኩ።

"ከዘጠኝ በኋላ የምትጨምረው ያ ሦስት ሰዓት የማን ነው?" አልኳት።

"ጋሼ፣ አሁን ነው እንዴ የገባህ?" አለችኝ። "ያንተ ነው። ከቀብሩ ሳምንት በኋላ አባ ዘንድ ሄዳ ‘እሱ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፏል፤ እስኪታረቁ ድረስ የእሱን እኔ ልጹምለት’ ብላቸው አለቀሰች። ወስጄ የመለስኳት እኔ ነኝ። እንዳልነግርህ አስምላኛለች።"

"ታዲያ መሐላሽን ለምን አፈረስሽው?" ብላት "አሁንማ ከመሐላዬ እሷ ትበልጥብኛለች" አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

አለቀስኩ እሜቴ። በጠራራ ፀሐይ፣ ዳቦ ቤቱ ክፍት ሆኖ። አንዲት ሴት ዳቦ ልትገዛ ገብታ አየችኝና "ሞተች?" ብላ ጮኸች። "አልሞተችም፣ ሚስቴን ዛሬ ገና አወቅኋት" አልኳት። ምን እንዳሰበች እንጃ፤ ዳቦዋን ራሷ መርጣ በቀስታ ወጣች።

አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልተናገርኩትን ልናገር። ከቀብሩ በማግስቱ ቤቱ ሰው ሞልቶ ሳለ ጎረቤት ወተት አፍልታ ሰጠችሽ። ሦስት ቀን ምንም አልቀመስሽም ነበር። አንቺ "ጾም ነው" አልሽ። እኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ጾምሽ ልጄን ካላተረፈልኝ ምን ያደርግልኛል?" አልኩሽ። ልጄን አልኩ። ልጃችንን እንኳ አላልኩም፤ አንቺ እንዳልወለድሽው ሁሉ። አንዲት ቃል አልመለስሽልኝም። ተነስተሽ ብርጭቆውን አጥበሽ ቦታው አስቀመጥሽና መጥተሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ። እኔ የረሳሁት መስዬ ይኸው እስከ ዛሬ ኖርኩ፤ አንቺም የረሳሽ መሰልሽልኝ። ለካ ያን የሰደብኩትን ጾም ለእኔ ትጾሚው ነበር።

ይቅር በዪኝ። ደብዳቤ ላይ መጻፍ ይቀላል ትዪ ይሆናል፤ ስትመጪ ቆሜ በአፌ እለዋለሁ፣ ከፈለግሽ በሰው ሁሉ ፊት፣ ያኔ እንደተናገርኩት።

ያን የጠየቅሽኝንም አሁን ልመልስልሽ። "ቀኑ ሲከፋ አልታመንሽኝም ቢለኝስ?" አልሽ። የእኔ እመቤት፣ ቀኑ ከዚያ በላይ መቼ ከፋ? ልጅሽን ከቀበርሽ በኋላ ታምነሽዋል። ባልሽ ሲሰድበው ታምነሽዋል። በሁለት ሰው ሆድ ተርበሽ ታምነሽዋል። ከዚህ ወዲያ እምነትሽን በአንድ እንቁላል የሚጠረጥር አምላክ ከሆነ፣ እኔና እሱ ገና አልታረቅንም ማለት ነው። ግን እንደዚያ አይመስለኝም። ሰሞኑን ትንሽ አውቄዋለሁ።

ታርቄያለሁ ብዬ አልዋሽሽም። የልጃችን ነገር አሁንም ያንገበግበኛል፤ ለምን እንደወሰደው አልነገረኝም፣ እኔም መጠየቄን አልተውኩም። ግን መነጋገር ጀምረናል። ጠዋት ሊጡን እያቦካሁ "እንዴት አደርክ" እለዋለሁ። አንዳንዴ እቆጣዋለሁ። ዝም ይለኛል። ከዚያ ከአንቺ ዝምታ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የእሱ ዝምታ እንደ ድሮው አያስፈራኝም። ዝም የሚል ሁሉ የተወኝ እንዳልሆነ ትናንት ገብቶኛል።

እንግዲህ ስሚኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሦስቱን ሰዓት ጨምሬ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የምጾመው እኔ ነኝ። እስከ ዘጠኝ ያለው ያንቺ ነው፣ እይዝልሻለሁ። ሦስቱ የራሴ ነው፣ ከእጅሽ ተቀብያለሁ። ጾም የፈታሽ እንዳይመስልሽ፤ እዚሁ ቤትሽ ውስጥ፣ በገዛ ባልሽ ሆድ እየተጾመ ነው። ጉራዬን ታውቂዋለሽ፣ ሠላሳ ዓመት ስቀሽበታል። በዚህኛው ግን አልጎርርም። ከባድ ነው። አንቺ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተሸከምሽው እኔን በዘጠኝ ቀን አጎበጠኝ። ግን እችለዋለሁ፣ አንቺ ከበላሽ እችለዋለሁ።

ሐኪሙ ከኪሎው ሌላ ስለ እጢው የነገረኝም ነገር ነበር። እሱን አሁን አልጽፍልሽም። መጀመሪያ ሁለቱ ኪሎ።

ደብዳቤውን የነገው አውቶብስ ይዞት ይመጣል፣ ሐሙስ ጠዋት እህትሽ ከመናኸሪያ ትቀበላለች። ለእሷ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ መሐላ አፍራሽነቷን እንደወደድኩላትም ንገሪያት። አጠገብሽ ላለችው ሴትዮም እግዚአብሔር ይማርሽ በይልኝ፤ ከእንግዲህ ግን የራሷን ትብላ።

የሐኪሙን እጅ ያጽናልኝ። ደምሽን ይሙላልሽ። የተኛሽበትን አልጋ ለሌላ በሽተኛ ሳይሆን ለባዶው ያውርሰው። በደጃችን በሁለት እግርሽ ያግባሽ፣ መጋረጃውን አይተሽ እስኪበቃሽ ጩኺብኝ።

እሜቴ፣ አንድ ነገር ብቻ። ልጃችንን ስንቀብር፣ አፈሩ ሲመለስ ጉልበቴ ሲከዳኝ፣ በክንዴ ሥር ገብተሽ የደገፍሽኝ አንቺ ነበርሽ። ካንቺ በቀር እኔን መያዝ የሚችል ሰው አልነበረም፣ ዛሬም የለም። አንቺን የምቀብርበት ቀን ከመጣ ማን ይይዘኛል? ሌላ ምንም ምክንያት ካጣሽ በዚህ ብቻ ብዪልኝ።

ያንቺው ጉረኛ